ከሰባት ቀለም ሥር የወጣ ምንሽር

ፍራንኮ ሰፈር ውስጥ አሮጌ ዕቃ ያለው ሰው ሁለት ነገር ይፈራል፤ ሌባንና ጋሽ ራህመቶን። ሌባ ወስዶ ይጠፋል። ጋሽ ራህመቶ ይመልሳል፤ የሚመልሰው ግን የሰጡትን ዕቃ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጦሩ የመሣሪያ ጥገና ክፍል ብረት ሲወለውል ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ዛሬ ከቤቱ ጎን በቀጠላት የቆርቆሮ ክፍል የብረት መያዣ ሞርሳውን ተክሎ ምድጃ፣ ቁልፍ፣ የስፌት መኪና፣ የመጣለትን ሁሉ ይጠግናል። ጠግኖ ቢተው ምን ነበረበት! ይሞርዳል፣ በካርታቬትሮ ይፈትጋል፣ ፊት እስኪያሳይ ይወለውላል። አንድ ጎረቤት የሟች እናቱን የስፌት መኪና ሊረከብ መጥቶ፣ መኪናዋ ፊቱ ቆማ ሳለ «የኔዋስ መቼ ትደርሳለች?» ብሎ መጠየቁ እስካሁን ይወራል።

ታዲያ በመጋቢት መጨረሻ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ኦቦ ሆራ ጋዲሳ የሚባሉ የሰማንያ አራት ዓመት ሽማግሌ ልጃቸውን ቢሊሴን አስከትለው ከወለንጪቲ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጡ። በእጃቸው በመጋረጃ ጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዘዋል፤ በኪሳቸው የፖሊስ ጣቢያ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት።

«አካም ጅርታ ራህመቶ! ብረት የሚያውቅ እሱ ነው ብለውኝ ነው የመጣሁት» አሉ፣ ገና ሳይቀመጡ።

«ፈያ፣ ኦቦ ሆራ። ይግቡ፣ ይግቡ። ምንድን ነው እሱ? የድንኳን ምሰሶ ነው?»

«ሚኒባሱ ውስጥም እንዲሁ ሲሉኝ ነው የመጡት» አሉና መጋረጃውን ፈቱት።

ከውስጡ የወጣው ነገር ጠመንጃ ለመሆኑ ምስክሩ ቅርጹ ብቻ ነበር። ከሰደፉ እስከ አፈሙዙ የቆርቆሮ በር የሚቀባበት ብርማ ቀለም ተለቅልቋል። ብርማው በተላጠበት አረንጓዴ ይታያል፤ አረንጓዴው በተላጠበት ደግሞ ሰማያዊ። ጋሽ ራህመቶ መነጽሩን አደረገ፤ ከዚያ አወለቀ።

«ማን ነው እንዲህ የተጫወተባት?»

«ምን ተጫወተባት ትላለህ፣ እኔ ነኝ እንጂ!» አሉ ኦቦ ሆራ በኩራት። «በየዓመቱ ሚያዝያ ሃያ ሰባት ለአርበኞች ቀን ሰልፍ ይዣት እወጣለሁ። የአባቴን መሣሪያ ዝገት እንደያዛት ልሸከማት ኖሯል?»

«በራችን የተቀባ ዕለት የተረፈው ቀለም የእሷ ነው» አለች ቢሊሴ። «በሩ አረንጓዴ ከሆነ እሷም አረንጓዴ ናት። አሁን በሩ ብርማ ነው።»

ነገሩ ወዲህ ነው። የኦቦ ሆራ አባት ባሻ ጋዲሳ፣ ጣልያን አገሩን በያዘበት አምስት ዓመት ይህችን ምንሽር ይዘው በቦሰት ተራራ የተዋጉ ሰው ናቸው። ጣልያን ከወጣ በኋላ የየአርበኛው መሣሪያ በስምና በቁጥር ተመዝግቦ ነበር፤ መዝገቡ ግን የገባበት ሳይታወቅ ስንት ዘመን አለፈ። አምና ከአንድ ሟች ሳጥን ውስጥ ተገኘ። አሁን ወለንጪቲ ላይ ትንሽ የታሪክ አዳራሽ ተሠርቶ ለሚያዝያ ሃያ ሰባት ሊመረቅ ነው። መሣሪያውን አምጥቶ ቁጥሩ ከመዝገቡ ጋር የገጠመለት ቤተሰብ፣ የአባቱ ስም አዳራሹ ግድግዳ ላይ ይጻፍለታል።

«ባሻን የሚያውቅ ሰው አልቋል» አሉ ኦቦ ሆራ፣ ድምፃቸው ወረድ ብሎ። «የቀረሁት እኔ ነኝ። ያ ባለወፍጮው ወዬሳ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ‹ሆራ፣ ከቆራሌው የገዛሃትን ምንሽር ዘንድሮ ምን ቀባሃት?› እያለ ገበያ መሀል ያስቅብኛል። ስሙ ተጽፎ ሳላይ አልሞትም ብያለሁ። አንተ ብቻ አዲስ አድርገህ ስጠኝ።»

አዲስ አድርገህ! ጋሽ ራህመቶ ይህችን ቃል ሲሰማ ዓይኑ በራ። የፖሊሱን ወረቀት አነበበ፤ ጥይቱን የምትመታው መርፌ ወጥታ ጣቢያ ታሽጋ ተቀምጣለች፤ ጥገናው ተፈቅዷል። አባትና ልጅ ገና ከአጥሩ ሳይወጡ ግራይንደሩን ሶኬት ላይ ሰካ።

«ቁም!» አለች ሚስቱ ኡሙሰልማ ከበሩ። «ቁም አንተ ሰውዬ! የአያቴ አምባር ትዝ ይልሃል?»

«ጀመርሽ ደግሞ።»

«ዙሪያዋን ጽሑፍ ነበረባት። ‹ላጽዳልሽ› ብለህ ወስደህ እንደ ብልቃጥ አለስልሰህ አመጣህልኝ። ምን ይል ነበር ጽሑፉ? ንገረኛ!»

ጋሽ ራህመቶ ምን ይል እንደነበር አያውቅም። አሁን የሚያውቅ ሰው የለም። ግራይንደሩን ነቀለ፤ ለጊዜው መሆኑን ግን አልደበቀም።

በማግሥቱ አንድ ብልሃት መጣለት። ቁጥሩ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ቢያውቅ፣ ቀለሙን እንደ ልቡ ፍቆ አኃዝ ቢደበዝዝበት እንኳ የትኛው እንደነበር ያውቃል። ሚኒባስ ይዞ ወለንጪቲ ወረደ። የአዳራሹ ኃላፊ ይትባረክ ይባላል፤ ታሪክ ሲያስተምር የኖረ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ቀጭን ሰው ነው።

«ቁጥሩን ነግሬዎት፣ እርስዎ መልሰው ቢነግሩኝ ምን ተጠቀምን ጋሼ?» አለ ይትባረክ እየሳቀ። «መዝገቡን የምከፍተው መሣሪያው ላይ ያለውን ካነበብኩ በኋላ ነው። እስካሁን ሁለት ሰዎች ብየዳ ቤት ያስመቱትን ቁጥር ይዘው መጥተዋል። አንዱማ የስልክ ቁጥሩን ነው መሰለኝ ያስመታው፤ አሥር አኃዝ አለው።»

ከዚያ ጥግ ላይ ያለ ጨርቅ ገለጠ። ከሥሩ ሌላ ምንሽር አለች፤ ጸሐይ ሲነካት ዓይን ታጭበረብራለች።

«ይቺን ይዩልኝ። የኒኬል አልጋ ነው የምትመስለው። ቁጥሯ የነበረበት ቦታ መስታወት ሆኗል። ልጆቹ እዚሁ ቆመው አለቀሱ፤ የአባታቸውን ስም ልጽፍላቸው አልቻልኩም። የትኛው አራጅ እንዲህ እንዳደረጋት እንጃ።»

ጋሽ ራህመቶ ጠመንጃዋን ባያት ጊዜ አወቃት። አምና ጥቅምት ላይ ሠርቷታል። ሁለት ቀን ሙሉ ፈትጓት፣ ሲጨርስ ጎረቤት ጠርቶ አሳይቷል፤ ኡሙሰልማን እንኳ «ነይ ፊትሽን እይባት» ብሏት ነበር።  ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደና ተመለሰ።

«አራጁ እኔ ነኝ» አለ።

ይትባረክ መነጽሩን አወረደ። 

«የኦቦ ሆራንም መሣሪያ ለእርስዎ ነው የሰጡት?»

«ለእኔ።»

«እንግዲያው ይመልሱላቸው ጋሼ። እንዳለች፣ ከነቀለሟ።»

«ከነቀለሟ ቁጥር የላትም» አለ ጋሽ ራህመቶ። «እኔ ካልገለጥኩት ማን ይገልጠዋል? አጥፍቻለሁ። ብረት ማጽዳት እንጂ ብረት ማንበብ አልተማርኩም ነበር። አሁን ንገረኝና ልማር።»

ይትባረክ ወንበር ሰጠው። ከሰዓት እስኪሆን ቁጭ ብለው አወሩ። ጋሽ ራህመቶ ሲነሣ ይዞት የሄደው ትእዛዝ አንድ ብቻ ነበር፤ ብረቱን ከብረቱ በሚጠነክር ምንም ነገር እንዳይነካው።

ይህ ትእዛዝ ለሌላ ሰው ቀላል ነው። ለጋሽ ራህመቶ ግን ከሲጋራ እንደ መላቀቅ ነበር። «ቢስሚላህ» ብሎ ምንሽሯን ፈታ፤ እንጨቱን ለብቻ፣ ብረቱን ለብቻ አደረገ። ጨርቅ በቀለም ማቅጠኛ አኳራጃ እየነከረ ይጠቀልልባታል፤ ቀለሙ ሲለሰልስ በቀርከሃ ስንጣሪ ቀስ አድርጎ ይገፋዋል። በአንድ ቀን የሚራመደው የአውራ ጣት ያህል ነው። እጁ ይበላዋል። በሦስተኛው ቀን መሳቢያውን ሲከፍት ካርታቬትሮው የለም። ሞረዱም የለም። የግራይንደሩ ገመድ ራሱ ተነቅሎ ሄዷል።

«ኡሙሰልማ!»

«ጤፍ በርሜል ውስጥ ነው» አለች ከጓሮ። «በርሜሉ ተቆልፏል። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። እስቲ ና ውሰደው!»

ኦቦ ሆራ በየሁለት ቀኑ እየመጡ ጀሪካን ላይ ይቀመጣሉ። ቀለም በተገፋ ቁጥር ዓመቱን ይጠራሉ። «ይቺ ሰማያዊ ሽንኩርት የተወደደ ጊዜ ናት፤ ያኔ በር ብቻ አይደለም፣ የውኃ በርሜሉንም ቀብቻለሁ» ይላሉ። ቀዩ ላይ ሲደርስ ወደ ልጃቸው ዘወር አሉ፤ ቢሊሴ የተወለደች ዓመት ነው። ሲቆጠር ሰባት ቀለም ሆነ። ከሰባተኛው ቡናማ ሥር፣ ከሰደፉ አንገት ላይ፣ በወፍራም ጥቁር ጠፍር የተጠፈረ ነገር ብቅ አለ።

«ይሄ ቆሻሻ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ቢሊሴ። «ይቆረጥና በደንብ በኮላ ይያዝ። ምረቃ ላይ ሰው ይስቅብናል።»

ኦቦ ሆራ ግን እጃቸውን ዘርግተው ጠፍሩን እየዳሰሱ ነበር። «ረስቼው ነበር» አሉ። «ቦሰት ላይ አባቴ ከገደል ተንሸራቶ ሲወድቅ በሰደፉ ተደግፎ ቆመ፤ አንገቷ ተሰነጠቀ። የዚያኑ ቀን ወይፈን አሳርዶ ቆዳውን በእርጥቡ ጠፈረባት። ሲደርቅ ጨምድዶ ያዛት። እኔ ሕፃን ሆኜ ይቺን ስነካ እጄን ይመታኝ ነበር።»

ጋሽ ራህመቶ እንጨቱን በሁለት እጁ ይዞ ጠመዘዘው። ንቅንቅ የለም። ሰማንያ ምናምን ዓመት ሆኖት ንቅንቅ የለም። ከወር በፊት ቢሆን ኖሮ ቢላዋ ያነሣ ነበር።

«ቢሊሴ፣ ልጄ» አለ፣ «ይሄ ቆሻሻ አይደለም፤ ጥገና ነው። የሠራው ሰው ከእኔ ይበልጣል። እኔ ባሻ የጠገኑትን አፍርሼ በኮላ አልይዝም።»

ጠፍሩን ሳይነካ እንጨቱን ብቻ የተልባ ዘይት በመዳፉ እያሸ አጠጣው። እንጨቱ ጠቆር፣ ሞቅ አለ፤ የባሻ ጉንጭ ያረፈበት ቦታ ጎድጎድ ብሎ ታየ። አላስተካከለውም። ኡሙሰልማ አይታ ምንም ሳትናገር ሄደች፤ ይህ በእሷ ዘንድ ትልቅ ምስጋና ነው።

የቀረው ዋናው ነገር ነበር። ጥይት ከሚገባበት ቤት በስተግራ፣ ቁጥሩ መኖር ያለበት ቦታ ላይ ዝገት እንደ ቅርፊት ተጋግሯል። አምስት ቀን በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሎ ቆየ። በስድስተኛው ቀን ጋሽ ራህመቶ የጃንሆይ ዘመን የመዳብ ሳንቲም አወጣ፤ መዳብ ከብረት ይለሰልሳል፣ ዝገቱን እንጂ ብረቱን አይቧጥጥም። በሳንቲሙ ጠርዝ ይገፋል፣ በጨርቅ ይጠርጋል፣ በማጉያ መስታወት ያያል። ይገፋል፣ ይጠርጋል፣ ያያል። ኦቦ ሆራ ጀሪካናቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«አራት!» አለ ጋሽ ራህመቶ።

«እሰይ!»

«ሰባት።» ከዚያ ብዙ ቆይቶ «ዜሮ።» ከዚያ መጨረሻው ላይ ያለችው ወጣች፤ ስድስት። በዜሮውና በስድስቱ መካከል ያለችው አኃዝ ግን ዝገት በልቷታል። በስተቀኝ ሁለት ጉብታ የመሰለ ነገር ይታያል፤ በስተግራ ጉድጓድ ብቻ ነው።

ኦቦ ሆራ ማጉያውን ተቀበሉ። «ስምንት ናት» አሉ ወዲያው።

«ልትሆን ትችላለች።»

«ትችላለች አይደለም፤ ናት! አባቴ ሲቆጥር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንተ የቁጥር መምቻ የለህም እንዴ? የጦር ሠራዊት ሰው አይደለህ? ትንሽ ነካ አድርጋትና ደህና ትታይ።»

አለው። ከጥገና ክፍሉ ሲሰናበት የሰጡት፣ በእንጨት ሣጥን የተደረደረ፣ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ። ጋሽ ራህመቶ ሣጥኑን ከፈተ። ስምንቱን አነሣና ጉድጓዱ ላይ አቆመው፤ ልክክ አለ። መጠኑ ራሱ ያው ነው። አንድ ምት ብቻ፣ ከዚያ ትንሽ ዘይትና ጥቀርሻ፤ እንኳን ይትባረክ፣ የሠራው ፋብሪካ ራሱ አይለየውም። መዶሻውን አነሣ። ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

መዶሻውን መልሶ አስቀመጠው።

«ምነው?» አሉ ኦቦ ሆራ።

«አልችልም፣ ኦቦ ሆራ። እኔ ከመታኋት ቁጥሯ የእኔ ነው የሚሆነው፤ የባሻ አይደለም። የሌላ ሰው አባት አጥፍቻለሁ፤ የእርስዎን አልደግምም። የቀረውን ይትባረክ ያንብበው።»

«ካላነበበውስ?»

ጋሽ ራህመቶ ስምንቱን ወደ ሣጥኑ መልሶ ክዳኑን ዘጋ።

«እንግዲህ የአባቴ ስም ከቀረ በአንተ ነው» አሉ ኦቦ ሆራ። ከጀሪካኑ ተነሥተው ቻው ሳይሉ ወጡ።

ሚያዝያ ሃያ ስድስት፣ ወለንጪቲ ገበያ ነበር። ጋሽ ራህመቶ ምንሽሯን ገጣጥሞ፣ በዚያው መጋረጃ ጠቅልሎ፣ ከፖሊሱ ወረቀት ጋር አዳራሹ ሲደርስ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ገበያው ወሬውን ሰምቷል። ባለወፍጮው ወዬሳም ቅንድቡ ዱቄት እንደሆነ መጥቷል። ኦቦ ሆራ ነጭ ለብሰው፣ ዘንጋቸውን ይዘው፣ ከቢሊሴ ጎን ቆመዋል፤ ጋሽ ራህመቶን በዓይናቸው ጫፍ ብቻ አዩት።

ይትባረክ መጋረጃውን ፈታ። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ብረቱ ጥቁር ቡናማ ነው፤ አያበራም፣ አልዛገም። እንጨቱ ላይ የዘመን ጭረት ሁሉ እንዳለ ነው። አንገቷ ላይ ጠፍሩ ተጨምድዷል።

«ምኑን ሠራት?» አለ ወዬሳ ጮክ ብሎ። «ቀለሟን አጥቦ ነው እንዴ የመጣው? አሮጊት ናት እኮ!»

ሰው ሳቀ። ይትባረክ አልሳቀም። ጠመንጃዋን እያገላበጠ ጠፍሩን፣ ጉንጭ ያረፈበትን ጎድጓዳ፣ የብረቱን ቆዳ አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ጋሽ ራህመቶን አየውና ራሱን ነቀነቀ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ቁጥሩ ላይ ስስ ወረቀት አነጠፈና እርሳሱን አጋድሞ በቀስታ ፈተገ። ወረቀቱ ላይ አኃዞቹ ነጭ ሆነው ወጡ።

«አራት» አለ። «ሰባት። ዜሮ።» ቆመ። የስልኩን መብራት አበርቶ በአግድም አስጠጋ። ጉድጓዱን ከግራ አየው፣ ከቀኝ አየው። ወረቀቱን ቀይሮ እንደገና ፈተገ። «በግራ በኩል አልተዘጋም። ክፍት ነው። ሦስት ናት።»

«ስምንት ናት!» አሉ ኦቦ ሆራ። ድምፃቸው ተሰነጠቀ።

«ሦስት ናት፣ አባባ። ዝገቱ የበላው ከላይ ነው፤ ምቱ ያረፈበት ግን ከሥሩ ይታያል። ስድስት። አርባ ሰባት ሺህ ሠላሳ ስድስት።»

 ሽማግሌው በጆሮዬ ሰምቻለሁ ያሉት ስምንት ነው፤ ብረቱ የሚለው ሦስት። ይትባረክ ከካዝናው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን መዝገብ አወጣ። ገጹን በጣቱ ወረደ፤ ገለጠ፤ ወረደ። ከአዳራሹ ውጭ አንድ አህያ ሲያናፋ ሁሉም «ዝም በል!» ያለው መሰለ።

የይትባረክ ጣት ቆመ።

«ባሻ ጋዲሳ ቱሉ» ሲል አነበበ፣ እንደ አስተማሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «አገሩ ቦሰት። ምንሽር አንድ። ቁጥር አርባ ሰባት ሺህ ሠላሳ ስድስት።»

እልልታው እስከ ገበያው ሽንኩርት ተራ ድረስ ተስተጋባ። ቢሊሴ አባቷን ደገፈች፤ እሳቸው ግን ድጋፍ አልፈለጉም። ዘንጋቸውን ወደ ላይ አንሥተው የጀግና ፉከራውን፣ ገረርሳ ጀመሩ፤ ድምፃቸው መጀመሪያ ላይ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ እንደ ጎልማሳ ድምፅ ቀጥ አለ። የአባታቸውን ስም፣ የፈረሳቸውን ስም፣ የተራራውን ስም ጠሩ። ሽማግሌዎች እየተቀበሉ ከበቧቸው። የግድግዳው ጸሐፊ ብሩሹን ነክሮ «ባሻ» ብሎ መጻፍ ሲጀምር ገና ገረርሳው አላለቀም ነበር።

ሲጨርሱ ላባቸውን እየጠረጉ በቀጥታ ወደ ጋሽ ራህመቶ መጡ።

«ስምንት ብትመታት ኖሮ…» አሉ። ጭንቅላቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሩን ሳሙት። «ገለቶማ። ገለቶማ ልጄ። በአንተ ነው ብዬህ ነበር፤ በአንተ ሆነ።»

ይትባረክ አጠገባቸው መጥቶ ቆመ። «ጋሼ፣ ስድስት መሣሪያዎች ከነዝገታቸው መጋዘን ውስጥ ተቀምጠዋል። ማንም እንዳይነካቸው ብዬ ነበር። ከሰኞ ጀምሮ ይመጣሉ?»

ጋሽ ራህመቶ ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የጥገና ክፍል አዛዦች ሸልመውታል፣ ሜዳሊያም አለው። እንዲህ ደረቱ የተነፋበትን ቀን ግን አያስታውስም። «ሰኞ ማለት ሩቅ ነው» አለ። «እሑድ ብመጣስ?»

ኦቦ ሆራ ግን ገና አልጨረሱም ነበር። ዓይናቸው ሕዝቡ መሀል ሲዞር፣ ወደ በሩ ቀስ እያለ የሚያፈገፍግ ዱቄታም ራስ አገኙ።

«ወዬሳ!»

ወዬሳ ቆመ።

«ኮቱ፣ ና። ና እንጂ፣ አትነክስም፤ መርፌዋ ፖሊስ ጣቢያ ነው። ጣትህን እዚህ አድርግና አንብብልኝ።»

ወዬሳ ጣቱን በጋቢው ጠርጎ ቁጥሩ ላይ አደረገ። «አራት፣ ሰባት፣ ዜሮ፣ ሦስት፣ ስድስት» አለ በለሆሳስ።

«ወፍጮህ ጆሮዬን አደንቁሮታል። አልሰማሁም።»

ወዬሳ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። ሰው እየሳቀ ጨበጨበ።

«አሁን ደግሞ» አሉ ኦቦ ሆራ፣ ዘንጋቸውን ተደግፈው ደህና አድርገው እየቆሙ፣ «ሽንኩርት ተራ እንዲሰማ።»